አርቸር ሲ6 ራውተር ለግንብ ቤትና ለሰርቪስ ክፍሎች ይበቃል? (ጎንደር፣ ማራኪ)

የማራኪዋ፦

እንደምን ሰነበታችሁ። ራውተር ልገዛ ነውና የምታውቁ ሰዎች ምከሩኝ።

ቤቱ የድሮ የድንጋይ ግንብ ነው። የግድግዳው ውፍረት ግማሽ ሜትር ይሆናል፣ ጣራው ቆርቆሮ ነው። ሳሎንና ሁለት መኝታ ቤት አለው፤ ኩሽናው በኋላ በብሎኬት የተቀጠለ ነው። ከግቢው ማዶ 18 ሜትር ያህል ርቀው ሦስት ሰርቪስ ክፍሎች አሉ፣ ተማሪዎች ተከራይተዋቸዋል። ኢንተርኔቱ በፋይበር የገባ 20 ሜጋ ነው። የፋይበሩ ሞደም ሳሎን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጀርባ ተቀምጧል፤ ዋይፋዩ 2.4 ጊጋ (የሞገድ ባንድ) ብቻ ነው። ሳሎን ላይ ሲለካ 18 እና 19 ይሰጣል፣ መኝታ ቤት ወደ 4 እና 5 ይወርዳል። ሰርቪሶቹ ጋ ስሙ ይታያል እንጂ አይያያዝም፣ ቢያያዝም ይቆራረጣል።

ፒያሳ ካየኋቸው ውስጥ ሁለቱ ላይ ቆሜያለሁ፦ ቲፒ-ሊንክ አርቸር ሲ6 እና ርካሹ ቲኤል-ደብሊውአር840ኤን። የዋጋ ልዩነቱ ያዋጣል? ሲ6 ብቻውን ሰርቪሶቹ ድረስ ይሄዳል? ሻጩ «4 አንቴና ስላለው ግቢውን ሙሉ ይሸፍናል» ይላል። ከፋይበሩ ሞደም ጋር አገጣጠሙ እንዴት ነው? ጉድለቱንም አትደብቁኝ። መብራት ሲጠፋ ምን እንደሚሻልም ብትነግሩኝ።


ገመድ ጎታች፦

ሻጩ ስለ አንቴና ያለሽን እርሺው። የአንቴና ብዛት ርቀት አይጨምርም። የራውተሮች የመላኪያ ኃይል በሕግ የተገደበ ስለሆነ ባለ 4ቱም ባለ 2ቱም ግማሽ ሜትር ድንጋይ ፊት ሲቆሙ ብዙም አይበላለጡም። የራውተሩ ሲግናል ሰርቪስ ክፍል ቢደርስ እንኳ ስልኩ መልሶ መላክ አለበት፣ የስልክ አንቴና ደግሞ ደካማ ነው። «ስሙ ይታያል እንጂ አይያያዝም» የምትይው ይኸው ነው፤ አንቺ ራውተሩን ትሰሚዋለሽ፣ እሱ አንቺን አይሰማሽም።

ሳጥኑ ላይ «ኤሲ1200» የሚለው ቁጥር በ2.4 ጊጋ 300፣ በ5 ጊጋ 867 ሜጋቢት ተደምሮ ወደ ላይ የተጠጋጋ ነው። አንድ ስልክ ሁለቱን በአንድ ጊዜ አያገኝም። ያም ቢሆን በራውተሩና በስልኩ መካከል ያለ የንድፈ ሐሳብ ፍጥነት ነው፤ በተግባር ግማሹን ካገኘሽ ጥሩ ነው። የገዛሽው ጥቅል 20 ሜጋ ስለሆነ ከሳጥኑ ቁጥር ውስጥ አብዛኛው አንቺን አይመለከትም።

ታዲያ የሲ6 ትርፉ ምንድን ነው? 5 ጊጋ ባንዱ ነው። ማራኪ አካባቢ ተማሪ የበዛበት ሰፈር ስለሆነ 2.4 ጊጋ የተጨናነቀ ነው። በ2.4 ላይ እርስ በርስ የማይነካኩ ቻናሎች ሦስት ብቻ ናቸው፦ 1፣ 6 እና 11። አሥራ አምስት የጎረቤት ራውተር በሦስቱ ላይ ሲሰለፍ፣ ሲግናሉ ሙሉ ሆኖ እያለ ፍጥነቱ ይወርዳል። 5 ጊጋ ግድግዳ እምብዛም ስለማይበሳ የጎረቤት ረብሻ ቤትሽ ብዙም አይገባም። በዚያው ልክ ያንቺም አይወጣም፤ አንድ የድንጋይ ግድግዳ ካለፈ በኋላ ብዙም አትጠብቂው። ሲ6ን ሳሎን ብታስቀምጪው ሳሎኑ በ5 ጊጋ ይንበሸበሻል፣ መኝታ ቤቶቹ በ2.4 ይሻሻላሉ፣ ሰርቪሶቹ ግን ያው ናቸው።

ጉድለቶቹን ልንገርሽ። የስልክ መስመር መሰኪያ የለውም፤ ፋይበር ላላት ችግር አይደለም፣ በመዳብ ስልክ መስመር የሚጠቀም ሰው ግን ለብቻው ሞደም ካልያዘ አይሠራለትም። የሲም ካርድ ማስገቢያ የለውም፣ ስለዚህ መስመሩ ሲቋረጥ በሞባይል ዳታ መተካት አይችልም። ዩኤስቢ የለውም፤ ፍላሽ ወይም ሃርድ ዲስክ ሰክቶ ፊልም ማጋራት የለም። አንቴናዎቹ አይፈቱም፣ በረዘመ አንቴና ልለውጥ ብትዪ አይሆንም።

840ኤን ደግሞ 2.4 ጊጋ ብቻ ነው፣ የገመድ መሰኪያዎቹም 100 ሜጋ ናቸው፤ የሲ6 1000 ናቸው። ለ20 ሜጋ ጥቅል ልዩነቱ አይታይም። ጥቅሉ ከ100 ሲያልፍ ነው 840ኤን ማነቆ የሚሆነው።

የኔ ምክር፦ ሁለቱንም ግዢ። ሲ6 ዋናው ቤት፣ 840ኤን ሰርቪስ፣ መካከላቸው ገመድ። የሲ6ን ሁለት እጥፍ የሚያስወጣ ትልቅ ራውተር ብትገዢ እንኳ ያንን ግድግዳ አልፎ ሦስት ክፍል አይመግብም።


አዘዞ ማዶ፦

ገመድ መጎተት፣ ግቢ መቆፈር ምን አስቸኮለ? 840ኤን ራሱ ሬንጅ ኤክስቴንደር የሚባል ሞድ አለው። ሰርቪሱ በር ላይ ሰክቶ የሳሎኑን ዋይፋይ እንዲያቀብል ማድረግ ነው። ሴቲንጉ ከአምስት ደቂቃ አያልፍም።


ገመድ ጎታች፦

@አዘዞ ማዶ፣ ሰርቪሱ በር ላይ የሚደርሰው ሲግናል መናኛ ከሆነ ኤክስቴንደሩ የሚያቀብለው ያንኑ መናኛ ነው። ስልኩ ላይ ሙሉ ሲግናል ያሳያል፣ ኢንተርኔቱ ግን አይንቀሳቀስም፤ ከዚያ ተከራዮቹ «ዋይፋዩ ሙሉ ነው፣ ቴሌ ነው የዘጋው» ይላሉ። በዚያ ላይ 840ኤን ባለ አንድ ባንድ ስለሆነ በአንድ ሬዲዮ ይቀበላል፣ በዚያው ይልካል፣ ፍጥነቱ ቢያንስ በግማሽ ይቆረጣል። ኤክስቴንደር የሚያዋጣው መሃል ቦታ ላይ፣ ሲግናሉ ገና ጥሩ በሆነበት ሲቀመጥ ነው። እዚህ መሃሉ ሜዳ ግቢ ነው፤ ዝናብና ፀሐይ ላይ ማን ይሰቅለዋል?


ጠዳ ኔት፦

ሁለቱንም መግዛቱ ላይ እስማማለሁ። አገጣጠሙ ላይ ግን አንድ ነገር ልጨምር፣ ምክንያቱም ቤቱ ተከራይ አለበት።

ብዙ ሰው ሁለተኛውን ራውተር አክሰስ ፖይንት ሞድ (ዋይፋይ ብቻ የሚያሰራጭበት) ላይ አድርጎ ሁሉንም አንድ ኔትወርክ ያደርጋል። ለአንድ ቤተሰብ ትክክለኛው እሱ ነው። ለአከራይ ግን ሁለት ችግር አለው። አንደኛ፣ ተማሪው የአንቺን ስማርት ቴሌቪዥን፣ ላፕቶፕና ፕሪንተር ያያል። ሁለተኛ፣ አክሰስ ፖይንት ሞድ ላይ የፍጥነት ገደብ ማድረጊያው ይጠፋል፤ አንዱ ተማሪ ማታ ትልቅ ፋይል ማውረድ ሲጀምር 20ውም ሜጋ ወደሱ ይሄዳል። በዚያ ሞድ «ገስት ኔትወርክ» (የእንግዳ ዋይፋይ) መክፈትም ብዙውን ጊዜ ስሙን ይለያል እንጂ ኔትወርኩን አይለይም።

ስለዚህ ሁለቱንም በራውተር ሞድ ተይና ሁለቱን ጎን ለጎን በቀጥታ ከፋይበሩ ሞደም ላይ አውጪያቸው። ከሞደሙ ላን 1 (የውስጥ መሰኪያ) ወደ ሲ6 ዋን (ኢንተርኔት የሚገባበት መሰኪያ)፣ ከሞደሙ ላን 2 ወደ 840ኤን ዋን። ሁለቱ ራውተሮች እንደ ጎረቤት ይሆናሉ፤ ከ840ኤን በኩል የተያያዘ ሰው ከሲ6 ጀርባ ያለውን ዕቃ ማየት አይችልም፣ ምክንያቱም ሲ6 ከውጭ የመጣበትን ጥያቄ አያስገባም። 840ኤንን ከሲ6 ላን ላይ ብታወጪው ግን ተቃራኒው ይሆናል፤ ተከራዮቹ ወደ ላይ ወጥተው ያንቺን ኔትወርክ ያገኙታል። ብዙ ሰው የሚስተው እዚህ ጋ ነው።

አሠራሩ በቅደም ተከተል፦

1. ላፕቶፕ በገመድ ሞደሙ ላን 1 ላይ፣ ከዚያ ላን 2 ላይ ሰክተሽ ሁለቱም ኢንተርኔት እንደሚሰጡ አረጋግጪ። አንዳንድ ሞደም ላይ አንዱ መሰኪያ ለቴሌቪዥን አገልግሎት ተለይቶ ስለሚያዝ ኢንተርኔት አያወጣም።

2. የሞደሙን አይፒ (የኔትወርክ አድራሻ ቁጥር) እይ፤ ላፕቶፑ ላይ «ጌትዌይ» የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ 192.168.1.1 ወይም 192.168.100.1 ይሆናል። ሁለቱ ቲፒ-ሊንኮች ከፋብሪካ ሲወጡ 192.168.0.1 ናቸው፣ ስለዚህ አይጋጩም። ሞደሙም 192.168.0.1 ሆኖ ከተገኘ የራውተሮቹን ላን አይፒ ወደ 192.168.10.1 እና 192.168.20.1 ቀይሪ። ሁለት ወገን አንድ ዓይነት ቁጥር ከያዙ ስልኩ «ተያይዟል፣ ኢንተርኔት የለም» ይላል፣ ሰው ደግሞ ፓስወርድ ሲቀያይር ይውላል።

3. ራውተሮቹ ላይ የዋን ዓይነት «ዳይናሚክ አይፒ» ይሁን። መስመሩ በፒፒፒኦኢ (በዩዘርኔምና ፓስወርድ የሚከፈት) ቢሆንም ዩዘርኔምና ፓስወርዱን የያዘው ሞደሙ ስለሆነ እዚህ ድጋሚ አይሞላም።

4. የሞደሙን ዋይፋይ አጥፊው። ከሲ6 አጠገብ ሆኖ ያው 2.4 ላይ ከጮኸ የሚረብሸው ያንቺኑ ራውተር ነው።

5. ሲ6፦ 2.4 ጊጋ ቻናል 1፣ ስፋት 20 ሜጋኸርዝ። 40 ላይ ካደረግሽው ከሦስቱ ቻናሎች ሁለቱን ይበላል፣ በተጨናነቀ ሰፈር ጉዳቱ ያመዝናል። 5 ጊጋ ከ36 እስከ 48 ባሉት ቻናሎች፣ ስፋት 80። የ5 ጊጋውን ስም ለይተሽ ስጪው፣ አለዚያ ቴሌቪዥኑ 2.4ን ይዞ ይቀራል። 840ኤን፦ ቻናል 6 ወይም 11፣ ስፋት 20።

6. ሴኪዩሪቲው ደብሊውፒኤ2 ከኤኢኤስ ጋር። «ቲኪፕ» የሚለውን አትምረጪ፤ እሱ ከተመረጠ ራውተሩ 300 ቢልም ከ54 ሜጋ አያልፍም። ደብሊውፒኤስ (ያለ ፓስወርድ በቁልፍ ወይም በፒን ማያያዣው) ይጥፋ። የራውተሩ መግቢያ ፓስወርድ ከዋይፋዩ ፓስወርድ የተለየ ይሁን፤ የሞደሙን መግቢያም አትርሺ፣ እሱ ለሁለቱም ወገን ክፍት ነው።

ፍጥነት ለመገደብ 840ኤን ላይ «ባንድዊድዝ ኮንትሮል» አለ። የመስመሩን ጠቅላላ ፍጥነት ሞልተሽ ከ192.168.20.2 እስከ 192.168.20.254 (ወይም ያስቀመጥሽው ቁጥር ምን እንደሆነ) ላለው ክልል በሙሉ የማውረጃ ጣሪያ 8000 ብለሽ ጻፊ፤ የሚሞላው በኪሎቢት ስለሆነ 8 ሜጋ ማለት ነው። ክልሉን ከ100 እስከ 199 ብቻ ካደረግሽው ጎበዝ ተማሪ ስልኩ ላይ 50ን በእጁ ሞልቶ ያመልጣል። መጫኛውንም ገድቢ፣ 3000 ይበቃል። መጫኛው ሲሞላ ማውረዱም ይንቀራፈፋል፣ ጉዳዩን የሚያውቁት ጥቂቶች ናቸው።

የዚህ አገጣጠም ክፉ ጎኑ አይፒ አድራሻው በራውተሩም በሞደሙም፣ ሁለት ጊዜ መተርጎሙ ነው። ለዩቲዩብ፣ ለቴሌግራም፣ ለዙም ምንም ልዩነት የለውም። ከውጭ ሆኖ የቤት ካሜራ በቀጥታ አይፒ ማየት የሚፈልግ ወይም አንዳንድ የኦንላይን ጌም የሚጫወት ሰው ይቸገራል። ዘመናዊ ካሜራዎች በክላውድ ስለሚሠሩ እሱም ብዙ አያሳስብም።


የማራኪዋ፦

ሁላችሁም እናመሰግናለን። በስልክ የዋይፋይ መለኪያ አፕ አይቼው ሳሎን -45፣ ትልቁ መኝታ ቤት -72፣ ሰርቪስ በር ላይ -84 ይላል። ይህ ምን ማለት ነው? ገመዱስ ምን ዓይነት ይሁን፣ በየት ይሂድ? ክረምት መብረቅ አያመጣብኝም? ሌላው፣ 840ኤን ሰርቪስ ውስጥ ከተቀመጠ ተማሪዎቹ ሪሴት ቢጫኑትስ?


ገመድ ጎታች፦

ቁጥሩ ወደ ዜሮ ሲጠጋ ይሻላል። -50 እጅግ ጥሩ፣ እስከ -67 ድረስ ቪዲዮ ጥሪ ሳይቆራረጥ ይሄዳል፣ ከ-70 በታች ጽሑፍና ድምፅ ብቻ፣ -80 ሲያልፍ ተስፋ የለውም። መኝታ ቤቱ -72 የሆነው ሞደሙ ከቴሌቪዥን ጀርባ ስለሆነ ጭምር ነው። የቴሌቪዥን ጀርባው ብረት ነው፣ ሲግናሉን ይጋርዳል። ሲ6ን ከሰው ቁመት ከፍ አድርገሽ ወደ መኝታ ቤቶቹ በር አቅጣጫ ስቀዪው፣ አንቴናዎቹ ቀጥ ብለው ይቁሙ። ሲግናል በግድግዳ ከሚያልፍ በበር ቢያልፍ ይቀለዋል። ቡፌ ውስጥ፣ ከፍሪጅ ላይ ወይም ከመስታወት ጀርባ አይሁን። ኮርኒስ ላይ መደበቅም አያስፈልግም፤ ክረምት ያንጠባጥባል፣ በጋ ቆርቆሮው ሲግል ራውተሩም ይግላል።

ሞደሙን ለማንቀሳቀስ የፋይበሩን ቀጭን ገመድ አትጎትቺ፣ ባለበት ይቆይና ወደ ሲ6 በኔትወርክ ገመድ ይሂድ። ፋይበሩ ከ3 ሴንቲሜትር ራዲየስ በታች ከታጠፈ ብርሃኑ ይሾልካል። አረንጓዴውን ጫፍ ነቅለሽ በጣትሽ አትንኪው። ሞደሙ ውስጥ «ኦፕቲካል» ወይም «ፖን» በሚለው ገጽ የሚደርሰው ብርሃን ይታያል፤ ከ-8 እስከ -27 ዲቢኤም (የሲግናል ጥንካሬ መለኪያ) ባለው ውስጥ መሆን አለበት። -26 አካባቢ ከሆነ ዝናብ በጣለ ቁጥር የሚቆራረጠው ዋይፋዩ ሳይሆን መስመሩ ነው፣ ያኔ ራውተር መለወጥ አያድንም፤ ለአቅራቢው ቁጥሩን ተናግሮ ማስተካከል ነው።


ጋሼ ሽቦ፦

ስለ ገመዱ እኔ ልናገር።

ካት 5ኢ ወይም ካት 6 ግዢ፣ የውጭ የሆነውን፣ ልባሱ ጥቁርና ወፍራም የሆነውን። ግራጫው የቤት ውስጥ ገመድ ፀሐይ ላይ ቶሎ ይሰነጣጠቅና ውኃ ይገባዋል። ገበያ ላይ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሞልቷል። አንዱን ቀጭን ሽቦ በምላጭ ፋቂው፣ ውስጡ ነጭ ከሆነ ተይው። ርቀትሽ 18 ሜትር ቢሆንም ግድግዳ ሲወጣና ሲወርድ፣ ጥግ ሲይዝ 30 ይሆናል፤ 35 ሜትር ቁረጪ። እስከ 100 ሜትር ድረስ ችግር የለም።

ጫፉን የሚያስረው ሰው ቅደም ተከተሉን በሁለቱም ጫፍ አንድ ያድርገው፦ ነጭ ብርቱካናማ፣ ብርቱካናማ፣ ነጭ አረንጓዴ፣ ሰማያዊ፣ ነጭ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ነጭ ቡናማ፣ ቡናማ። ስምንቱም ይታሰሩ። አራት ብቻ አስረው «ይሠራል» የሚሉ አሉ፤ ይሠራል፣ ግን 100 ላይ ይቆማል። የውጩ ልባስ መሰኪያው ውስጥ ገብቶ በጥርሱ ተነክሶ መያዝ አለበት፤ ሽቦዎቹ ብቻ ከተያዙ አንድ ቀን ሰው ሲረግጠው ይነቀላል።

በፕላስቲክ ቱቦ አድርገሽ 40 ሴንቲሜትር ቅበሪው። ወደ ሰርቪስ የሚሄደው የመብራት መስመርም የተቀበረ ከሆነ ቢያንስ 30 ሴንቲሜትር ራቂለት፣ በአንድ ቱቦ አብሮ አይሂድ። ግድግዳ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ትንሽ ይንጠልጠልና ከዚያ ወደ ላይ ተመልሶ ይግባ፤ ዝናቡ ገመዱን ተከትሎ ቤት ሳይገባ እዚያው ይንጠባጠባል። የግድግዳው ቀዳዳም ከውጭ ወደ ውስጥ ሽቅብ ይቦረቦር።

መብረቁን በሚመለከት ስጋትሽ ልክ ነው። ጎንደር ከሰኔ ጀምሮ ነጎድጓዱ የታወቀ ነው። መብረቅ በቀጥታ ገመዱ ላይ ባይወድቅም እንኳ አጠገብ ሲወድቅ በረጅም ሽቦ ላይ ኃይል ይፈጠራል፣ ጫፍና ጫፍ ያሉትን ሁለት መሰኪያዎች ያቃጥላል። የተቀበረ ገመድ ከግንድ ግንድ ከተወጠረው የተሻለ ነው፣ ዋስትና ግን አይደለም። ገበያ ላይ ያለው መብረቅ መከላከያ አርዝ (ኃይሉን ወደ መሬት የሚያወርድ ሽቦ) ከሌለው ጌጥ ነው፤ ብዙው የድሮ ቤት ደግሞ አርዝ የለውም። ነጎድጓድ ሲጀምር የኃይል መሰኪያውንም የኔትወርክ ገመዱንም ከሁለቱም ጫፍ መንቀል ነው። ሰው የሚረሳው ሁለተኛውን ነው፤ ሶኬቱን ነቅሎ ገመዱን ይተወዋል።


አዘዞ ማዶ፦

እሺ፣ የኤክስቴንደሩን ሐሳብ አንስቻለሁ። ግን ቆፍረው ካልቀረ ለምን ፋይበር አይቀብሩም? ሁለት ሚዲያ ኮንቨርተር (የኔትወርክ ገመድን ወደ ፋይበር የሚለውጥ ዕቃ) እና ጫፉ የታሰረ 30 ሜትር የፋይበር ገመድ። ፋይበር ብርጭቆ ስለሆነ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም፣ የመብረቁ ጉዳይ በዚያው ያልቃል።


ጋሼ ሽቦ፦

ልክ ብለሃል፣ ከሁሉም የተሻለው እሱ ነው። ኮንቨርተሮቹ ጥንድ መሆናቸውን ተመልከቱ፦ በአንድ ፋይበር የሚሠሩ ከሆኑ አንዱ ኤ ሌላው ቢ ተብሎ ይጻፍባቸዋል፤ ሁለት ኤ ከገዛህ አይተያዩም። ጫፉም ከኮንቨርተሩ ጋር ይመሳሰል፤ አብዛኛው ኮንቨርተር ሰማያዊ ጫፍ ነው የሚወስደው፣ አረንጓዴው አፉ ሰያፍ ስለተቆረጠ በደንብ አይገጥምም። መዳብ የሌለበት፣ የብረት ማጠናከሪያ ሽቦም ያልገባበት ገመድ ይሁን፣ አለዚያ የመብረቁ ጥቅም ይቀራል። ወጪው ከፍ ይላል፣ ሁለት አዳፕተርም ይጨምራል። አቅም ከፈቀደ ይሁን፣ ካልፈቀደ ገመዱን መንቀል ልማድ ማድረግ ነው።


ጠዳ ኔት፦

ሪሴቱን በተመለከተ፦ ተማሪው ቀዳዳውን ወይም ቁልፉን ለ10 ሰከንድ ያህል ከተጫነ ራውተሩ ወደ ፋብሪካው ሴቲንግ ይመለሳል፣ ገደቡም ፓስወርዱም ይጠፋል። መፍትሔው ሶፍትዌር አይደለም። የእንጨት ወይም የፕላስቲክ ሳጥን በቁልፍ፣ ከላይና ከታች አየር ማስገቢያ ያለው፣ ከፍ ተደርጎ የተሰቀለ። የብረት ሳጥን ግን ሲግናሉን ውስጡ ያስቀረዋል። ሴቲንጉን ከጨረስሽ በኋላ «ባክአፕ» በሚለው ፋይሉን ላፕቶፕ ላይ አስቀምጪ፣ ድንገት ቢጠፋ በአንድ ደቂቃ ይመለሳል።

በስልኩ ማክ አድራሻ (የዕቃው መለያ ቁጥር) እየለዩ መከልከል የሚባለውን አትድከሚበት። ከአንድሮይድ 10 እና ከአይኦኤስ 14 ወዲህ ስልኮች ማካቸውን ለየኔትወርኩ ይቀያይራሉ። ተከራይ ሲለቅ ፓስወርድ መቀየር ይበልጣል።


ጋሼ ሽቦ፦

መብራት ሲጠፋ ላልሽው። ለራውተር የሚሆን ትንሽ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው መጠባበቂያ) አለ፣ 9 እና 12 ቮልት የሚያወጣ። ላዩ ላይ 8800 ሚሊአምፒር ሲል በውስጡ ያለው ባትሪ 3.7 ቮልት ላይ የተቆጠረ ነው፤ ሲባዛ 32 ዋት-ሰዓት ተኩል ይሆናል። ወደ 12 ቮልት ሲያሳድገው የሚባክን አለ፣ 27 በዪው። ሞደሙ 7 ዋት፣ ሲ6 6 ዋት ቢወስዱ በ13 ሲካፈል ሁለት ሰዓት ነው። «8 ሰዓት ይቆያል» የሚለው ለአንድ ትንሽ ራውተር ብቻ ነው። ሁለቱን አብረሽ ስትሰኪ የአምፒር ድምራቸው ከዩፒኤሱ አይለፍ።

ከመሰካትሽ በፊት የእያንዳንዱን ዕቃ የታች ጽሑፍ አንብቢ። ቮልቱ አንድ መሆን አለበት፣ አምፒሩ እኩል ወይም በላይ፣ መሃሉ ፖዘቲቭ። መሰኪያው ስለገጠመ ብቻ 12ቱን ለ9 ቮልት ራውተር የሰጠ ሰው ራውተሩን ሊያቃጥል ይችላል። የ840ኤን ቮልት እንደ እትሙ ይለያያል፣ ስለዚህ የጎረቤት 840ኤን ምን ይላል ሳይሆን ያንቺው ምን ይላል ነው።

መብራት ሲመለስ ቮልቱ ከፍና ዝቅ ይላል። ፍሪጅ የተሰካበት ዲቫይደር ላይ ራውተር አትሰኪ፣ ዩፒኤስ የሌለውንም አምስት ደቂቃ ያህል ቆይተሽ መልሺው። ሲነሳም ሞደሙ ይቅደም፣ የፋይበር መብራቱ ረግቶ አረንጓዴ ሲሆን ራውተሮቹ ይከተሉ።


የማራኪዋ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። ሱቅ ስሄድ ምን ብዬ ላጣራ?


ገመድ ጎታች፦

ሱቁ ውስጥ አስከፍተሽ አሰኪው። ከሥሩ ያለው ጽሑፍ ላይ ሞዴሉና እትሙ፣ ለምሳሌ «ቪ» ብሎ ቁጥር፣ ሳጥኑ ላይ ካለው ጋር ይመሳሰል፤ ፈርምዌር (የራውተሩን የውስጥ ሶፍትዌር) ስታድሺ ለዚያው እትም ያልተሠራ ፋይል ከጫንሽ ራውተሩ ሊሞት ይችላል። መግቢያው ገጽ ላይ የሌላ አገር የቴሌኮም ድርጅት አርማ ካለ ተይው፣ ለዚያ ድርጅት የተቆለፈ ነው፣ ብዙ ሴቲንግ አይከፍትልሽም። በላፕቶፕና በአጭር ገመድ እያንዳንዱን መሰኪያ ሞክሪ፣ መብራቱ መብራት አለበት፤ ሪሴትም ሞክሪው። የአዳፕተሩ እግር ሁለት ክብ መሆኑን እይ፤ ሦስት ጠፍጣፋ እግር ያለው መጥቶ ከሆነ በመቀየሪያ ይላላል፣ በላላ ቁጥር ራውተሩ ጠፍቶ ይነሳል፣ ሰው ደግሞ ኔትወርክ ተቋረጠ ይላል። ያገለገለ ከሆነ አዳፕተሩ የራሱ መሆኑን አረጋግጪ።

ፈርምዌሩን ቤት እንደገባሽ አድሺው፣ ግን በገመድ፣ ዩፒኤስ ላይ ተሰክቶ። በሚጻፍበት መሃል መብራት ከሄደ ማንሳቱ ባለሙያ ይጠይቃል።